ስለ ኤክስክሉሲቭ ጌም ስንከራከር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሰፈራችን አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት አለች። አራት ቴሌቪዥን፣ ስፖንጁ የወጣ ሁለት ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ ጠርዙ የተላጠ የሜሲ ፖስተር። ሕጉ ቀላል ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። ባለፈው ተራዬን እየጠበቅኩ ከኋላዬ ሁለት ልጆች ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ሶኒ ጌሞቹን ለፒሲ መስጠት የጀመረ ቀን አለቀለት» ይላል። ሌላው ይቀበለዋል፦ «ኤክስክሉሲቭ የሚባል ነገር እኮ ሞቷል፣ ማይክሮሶፍትን አታየውም እንዴ?»

የሚያስቀው ነገር፣ በዚያ ሰዓት አራቱም ስክሪን ላይ የነበረው ኳስ ነው። ኤክስክሉሲቭ ያልሆነ፣ ማለትም ለአንድ ኮንሶል (ለአንድ የጌም ማሽን) ብቻ ያልወጣ፣ በሁሉም ላይ የሚገኝ ጌም። ፕሌይስቴሽን የሶኒ ነው፣ ኤክስቦክስ የማይክሮሶፍት።

ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አንድን ጌም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ሠርቶ ለአንድ ኮንሶል ብቻ ማውጣት ዛሬም ያዋጣል? እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ ተከራክሬበት፣ ብዙ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ልዘርዝር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጌሙን በራሱ ሽያጭ ብቻ መመዘን

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሰፈራችሁን ባለ ሱቅ አስቡት። ስኳሩን በገዛበት ዋጋ ይሰጣችኋል። ስለሚወዳችሁ አይደለም። ለስኳር ብላችሁ ከገባችሁ ዘይቱንም ሳሙናውንም ከእሱው እንደምትገዙ ስለሚያውቅ ነው። ለሶኒ ስፓይደርማን ስኳሩ ነው።

ዘይቱና ሳሙናው የት አለ? ኮንሶል ሠሪዎቹ በኦንላይን ሱቃቸው ከሚሸጠው የሌላ ኩባንያ ጌም በተለምዶ 30 በመቶ ይወስዳሉ። 70 ዶላር ከሚሸጥ ጌም 21 ዶላር ማለት ነው። ጌሙን አልሠሩትም። ሱቁ ግን የእነሱ ነው።

አንድ ሰው ለስፓይደርማን ብሎ ፕሌይስቴሽን 5 ገዛ እንበል። ስፓይደርማንን በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላስ? በየዓመቱ የኳሱን ጌም ከዚያው ሱቅ ይገዛል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከኳሱ ብቻ 105 ዶላር ለሶኒ ገባ። ኦንላይን ለመጫወት የሚከፍለው አለ። ጌሙ ውስጥ ለተጫዋች ካርድ የሚያፈሰው ገንዘብ አለ፤ ከእሱም ላይ ሶኒ ድርሻውን ይቆርጣል። ስለዚህ «ስፓይደርማን ስንት ኮፒ ሸጠ?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ስንት ሰው ሱቁ ውስጥ አስገባ?» የሚለው ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ደግሞ ማንም አያሳትመውም። ክርክሩ የማያልቀው ለዚህ ይመስለኛል።

የወጪውን ማበጥ መርሳት

በሰኔ 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ችሎት ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ማይክሮሶፍት የኮል ኦፍ ዲዩቲን ሠሪ አክቲቪዥን ብሊዛርድን እንዳይገዛ ለማገድ የከሰሰበት። ሶኒም ሰነድ አቅርቦ ነበር፤ ምስጢር የሆኑት ቁጥሮች በጥቁር ማርከር ተሰርዘዋል። ማርከሩ ግን ሳሳ ያለ ነበር። ሰነዱ ስካን ተደርጎ ሲለቀቅ ከስሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል! ዓለም ሁሉ አነበበው። ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር፣ ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት ደግሞ ወደ 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተዋል።

እስቲ እናስላው። 212 ሚሊዮንን ለ70 ብናካፍለው 3 ሚሊዮን ኮፒ ይመጣል። ያውም እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ ከሶኒ ከራሱ ሱቅ ገዝቶ፣ ታክስ ሳይቆረጥ። በተግባር ግማሹ ሰው ቅናሽ ይጠብቃል፣ ዲስክ የሚገዛውም ለባለ ሱቅ የትርፍ ድርሻ ይተዋል። ስለዚህ ወጪን ለመመለስ የሚያስፈልገው ቁጥር ከዚያ በጣም ይርቃል። እንዲህ ያለ ጌም አንዱ ቢከሽፍ የአምስት ዓመት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።

ሶኒ ወደ ፒሲ የሄደው በዚህ ምክንያት እንጂ ተሸንፎ አይደለም። ቀኖቹን ልብ በሉ። ሆራይዘን ዜሮ ዶውን በ2017 ፕሌይስቴሽን ላይ ወጣ፣ ፒሲ ላይ በ2020። ጎድ ኦፍ ዋር 2018 ወጥቶ ፒሲ ጋ የደረሰው ጥር 2022 ነው። ስፓይደርማንም እንደዚሁ፣ ከ2018 እስከ ነሐሴ 2022 ቆይቷል። ትኩሱ እንጀራ ለቤት፣ ያደረው ለጎረቤት። ኮንሶሉን ለጌሙ ብሎ የሚገዛ ሰው አራት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ እሱ ቀድሞ ገብቷል። አራት ዓመት የጠበቀው ደግሞ ድሮም ኮንሶሉን አይገዛም ነበር። ከሁለተኛው ሰው የሚገኘው ገንዘብ ተጨማሪ ነው። ያን ልጅ ዞር ብዬ ይሄን ልነግረው አስቤ ነበር። ተራዬ ደረሰና ተውኩት።

ባለ ሱቁንና አቅራቢውን አንድ ማድረግ

ይሄን ስህተት ትልልቅ ኩባንያዎችም ሠርተውታል። ሶኒ የራሱን ጌም ለራሱ ኮንሶል ብቻ ሲያወጣ ሱቁ የእሱ ስለሆነ ዞሮ ዞሮ ይካሳል። የፋይናል ፋንታሲ ሠሪው ስኩዌር ኤኒክስስ? እሱ ሱቅ የለውም። እሱ ዘይት አቅራቢ ነው። ለአንድ ሱቅ ብቻ ካቀረበ ሌላው ሱቅ ያለው ደንበኛ ቀረበት፣ በቃ።

ፋይናል ፋንታሲ 15 በ2016 በፕሌይስቴሽን 4ም በኤክስቦክስ ዋንም ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ለሱቆች የተላከውና በዲጂታል የተሸጠው 5 ሚሊዮን ደረሰ። ፋይናል ፋንታሲ 16 ሰኔ 2023 ለፕሌይስቴሽን 5 ብቻ ወጣ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ሚሊዮን። ሁለቱን በቀጥታ ማነጻጸር ልክ አይሆንም፣ ፕሌይስቴሽን 5 ያን ጊዜ በየቤቱ ገና አልተስፋፋም ነበር። ግን ነገሩም እሱ ነው! ገና ባልተስፋፋ ኮንሶል ላይ ብቻ ማውጣት የማን ምርጫ ነበር? በግንቦት 2024 ኩባንያው አዲስ ዕቅድ አወጣ፤ ከእንግዲህ ትልልቆቹን ጌሞች በሁሉም ኮንሶልና በፒሲ አወጣለሁ አለ። 16ኛውም መስከረም 2024 ፒሲ ላይ፣ በሰኔ 2025 ኤክስቦክስ ላይ ወጣ።

አቅራቢው የሚያተርፍበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ባለ ኮንሶሉ ከኪሱ ሲከፍል። ቤዮኔታ 2ን ውሰዱ። የመጀመሪያው ቤዮኔታ በፕሌይስቴሽን 3ና በኤክስቦክስ 360 የወጣ ነው። ሁለተኛው ለኒንቴንዶ ኮንሶል ለዊ ዩ ብቻ ነው ሲባል ሕዝቡ ተቆጣ። ነገር ግን ኒንቴንዶ ገንዘቡን ባያወጣ ጌሙ ጭራሽ አይሠራም ነበር። «ነጠቁን» ከማለት በፊት ማን እንደከፈለ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ሦስቱን ኩባንያዎች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ

«ማይክሮሶፍት ትቶታል፣ ስለዚህ ሞቷል» የሚለው ልጅ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያ ዋጋ ገዝተህ ኮል ኦፍ ዲዩቲን ከፕሌይስቴሽን ማውጣት አትችልም፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ቀድሞም ቢሆን ማይንክራፍትን በ2014 ሲገዛ በየትኛውም ኮንሶል ላይ እንደነበረ ነው የተወው። በየካቲት 2024 አራት ጌሞችን ለሌሎች ኮንሶሎች እሰጣለሁ አለ። ሲ ኦፍ ቲቭስ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ገባ። በ2025 ፎርዛ ሆራይዘን 5 እና ጊርስ ኦፍ ዋር ተከተሉት። ያ ዓመት ሳያልቅ ሄሎም ወደ ፕሌይስቴሽን እንደሚሄድ ተነገረ። ሄሎ ማለት እኮ በ2001 የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ ያሸጠው ጌም ነው! የድሮ የኤክስቦክስ ደጋፊ ጓደኛዬ ዜናውን ሲሰማ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

የያኔው የኤክስቦክስ ኃላፊ ፊል ስፔንሰር በ2023 በሰጠው ቃለ ምልልስ ምክንያቱን በግልጽ ተናግሮት ነበር። የተሸነፍነው መሸነፍ በማይገባን ትውልድ ነው አለ፤ ሰው ጌሞቹን በዲጂታል ማጠራቀም በጀመረበት በኤክስቦክስ ዋን ዘመን። የእነሱ ጌም ስታርፊልድ የቱንም ያህል ቢያምር ሰው ፕሌይስቴሽኑን ሸጦ አይመጣም ሲልም ጨመረበት። ልክ ነው። ድሮ ዲስክህን ሸጠህ ኮንሶል ትቀይር ነበር። አሁን ዕቃህ ሁሉ አካውንትህ ውስጥ ተቆልፏል፤ ቤት መልቀቅ ከባድ ነው።

ኒንቴንዶ ጋ ስትመጡ ሌላ ዓለም ነው። ማሪዮና ዜልዳ ፒሲ ላይ አይገቡም። ዋጋቸውም እንደሌላው በስድስት ወር ግማሽ አይሆንም። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ በኒንቴንዶ ኮንሶል በስዊች ላይ ብቻ ከ60 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል። ስዊች 2 በሰኔ 2025 ማሪዮ ካርት ወርልድን ይዞ ወጣ፤ በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ኮንሶል። ለእነሱ ኤክስክሉሲቭ ያዋጣል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ዶሮ ወጥ ለሚሸጥ ቤት ዶሮ ያስፈልጋል ወይ እንደማለት ነው።

ጥሩ ጌም ደካማ ኮንሶልን ያድናል ብሎ ማመን

አያድንም። ማሪዮ ካርት 8 መጀመሪያ የወጣው በ2014 ነው፣ በዊ ዩ ላይ። ያው ጌም ነው ማለት ይቻላል። ዊ ዩ ግን በሕይወት ዘመኑ የሸጠው 13.56 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ከእሱ በፊት የነበረው ኮንሶል፣ የዊ፣ ተጨማሪ ዕቃ መስሎት ነበር። ስዊች ከ150 ሚሊዮን አለፈ።

የኦንላይን ጌምንም እንደ ታሪክ ጌም ማየት

ብቻውን ተቀምጦ ታሪክ የሚጨርስ ሰውና ጓደኛ የሚፈልግ ሰው አንድ አይደሉም። የኦንላይን ጌም ሰው ከሌለው ባዶ ሜዳ ነው። ሶኒ ይሄን ገብቶት ሄልዳይቨርስ 2ን በየካቲት 2024 በፕሌይስቴሽን 5ና በፒሲ በአንድ ቀን አወጣው። በ12 ሳምንት 12 ሚሊዮን ኮፒ ሸጠ።

ከዚያ የራሱን እግር ረገጠ። በግንቦት የፒሲ ተጫዋቾች የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ማገናኘት ግዴታችሁ ነው አለ። ችግሩ፣ አገልግሎቱ በይፋ የሌለባቸው አገሮችና ግዛቶች ከ170 በላይ ነበሩ። እኛም አለንበት። እዚህ ኮንሶል ያለው ሰው አካውንቱን የአሜሪካ ወይ የእንግሊዝ አድርጎ ነው የሚከፍተው፤ ጌም ለመግዛት ውጭ ያለ ዘመድ የካርድ ኮድ ይልክለታል። እኔ ለቨርጂንያዋ እህቴ ደውዬ «ኮዱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ያልኩበትን ጊዜ አልቆጥረውም። ጌሙም ከእነዚያ አገሮች የፒሲ ሱቅ ወረደ። ተጫዋቾች በአሉታዊ አስተያየት አጥለቀለቁት። ሶኒ ግዴታውን በቀናት ውስጥ አነሳ። በነሐሴ 2025 ጭራሽ ኤክስቦክስም ላይ ገባ፤ ሶኒ ያሳተመው ጌም፣ በተቀናቃኙ ኮንሶል ላይ።

ግን ከዚህ «ሁሉም ቦታ ማውጣት መድኃኒት ነው» የሚል ድምዳሜ እንዳትወስዱ። ሌላው የሶኒ የኦንላይን ጌም ኮንኮርድም በፕሌይስቴሽን 5ና በፒሲ በአንድ ቀን ነበር የወጣው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2024። መስከረም 6 ሰርቨሩ ተዘጋ። ሁለት ሳምንት ብቻ! በር ቢበዛም ማንም ካልገባ ያው ነው።

የራስን ሰፈር ገበያ መዘንጋት

ባለፈው ሳምንት የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ፕሌይስቴሽን 5 ላስገባ ወይ ብሎ አማከረኝ። እኔ ስለ ኤክስክሉሲቭ ጌሞች ማውራት ጀመርኩ፤ ስፓይደርማን፣ ጎድ ኦፍ ዋር። ልጁ በትዕግሥት ሰማኝና «ጋሼ፣ ስፓይደርማን እኮ ለአንድ ሰው ነው» አለኝ። «ተሸናፊ ከሌለ ማን ይከፍለኛል?»

ዝም አልኩ። አራቱም ስክሪን ላይ አሁንም ኳስ ነው። ሦስተኛው ቴሌቪዥን ጋ አንዱ 4 ለ 0 እየተመራ ጆይስቲኩ ነው የተበላሸው ይላል።