ኦቨን የማይፈልገው የቸኮሌት ብስኩት፦ የየአገሩ አሠራርና ለቤታችሁ የሚሆነው

ኦቨን የላችሁም? ለዚህኛው አያስፈልግም። ብስኩት ሰባብራችሁ፣ የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ለውሳችሁ ፍሪጅ ታስገባላችሁ፣ በቃ። ጣልያኑም፣ ፖርቱጋሉም፣ ቱርኩም፣ ሊባኖሱም የእናታችን ጣፋጭ ነው ይላሉ፤ እኔ ሁሉንም አምናቸዋለሁ። የፋብሪካ ብስኩት በየቤቱ ከገባ በኋላ (ማሪ ብስኩት ለንደን ውስጥ የተሠራው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው፣ የጀርመኑ ላይብኒዝ ደግሞ በ1891) ባለሙያ ሴቶች በየፊናቸው የደረሱበት ነገር ይመስለኛል።

ዋናው ልዩነት ብስኩቱን የሚያያይዘው ነገር ነው። እሱን ከያዛችሁ ጓዳችሁ ባለው ነገር ትሠሩታላችሁ።

ጣልያንና ፖርቱጋል የሚያያይዙት በቸኮሌት፣ በቅቤና በእንቁላል ነው። እንደ ሳላሚ (የጣልያን ቋሊማ) አድቦልቡለው ፓውደር ስኳር ይነሰንሱበትና በክር ያስሩታል። ሲቆረጥ ነጣ ነጣ ያለው ብስኩት ቁርጥ የሳላሚ ስብ ይመስላል። ግን እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ጥሬ ነው፣ ለልጅና ለነፍሰ ጡር አልመክረውም። ማሌዥያዎች ይሻላሉ፤ እንቁላሉን ከሚሎ (የካካዎና የብቅል ዱቄት)፣ ከቅቤና ከኮንደንስድ ሚልክ ጋር ምድጃ ላይ ያበስሉታል።

ሩሲያ ውስጥ በሶቪየት ዘመን ጥሩ ቸኮሌት እንደ ልብ ስለማይገኝ ካካዎ ከወተት፣ ከስኳርና ከቅቤ ጋር እየተፈላ ይሠራ ነበር። ሊቱዌኒያዎች ኮንደንስድ ሚልክ ያደርጉበታል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የቸኮሌት ቋሊማ ተብሎ ለልጆች ሲሠራ ሳታዩት አትቀሩም። እንግሊዞች ወፍራም ሽሮፕ ይጨምሩበታል፤ ልዑል ዊልያም በ2011 ሲያገባ ከትልቁ የሠርግ ኬክ ሌላ ይህንኑ አሠርቷል፣ ያውም በ1,700 ብስኩትና በ17 ኪሎ ቸኮሌት!

እኔ የምወደው በኮንደንስድ ሚልክ የሚያያዘውን ነው። 300 ግራም ተራ ብስኩት፣ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ግማሽ ቆርቆሮ ኮንደንስድ ሚልክ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ቁንጥር ጨው። የተነጠረ ቅቤ እንዳታስገቡ፣ ኮረሪማው ቸኮሌቱን ይውጠዋል።

ብስኩቱን በእጅ ሰባብሩት። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ይሁን። ከደቀቀ ቸኮሌቱን ይመጠውና ስትቆርጡት ይፈረፈራል፣ ያ ነጭ ነጠብጣብም አይታይም። ቸኮሌቱንና ቅቤውን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጉና ቀስ ብሎ በሚፈላ ውሃ ድስት ላይ አቅልጡት፤ ሳህኑ ውሃውን አይንካ፣ ጠብታ ውሃም አይግባበት፣ ቸኮሌት ትንሽ ውሃ ከነካው ይጓጉላልና። ካወረዳችሁት በኋላ ኮንደንስድ ሚልኩን፣ ካካዎውንና ጨውን አማስሉበት፣ ብስኩቱን ጨምሩና ሁሉም እስኪለበስ አገላብጡት። ለብ እስኪል ጠብቁ። ከዚያ ላስቲክ ላይ ገልብጣችሁ ጠቅልሉና አድቦልቡሉት፣ ሁለቱን ጫፍ እንደ ከረሜላ አጥብቃችሁ ጠምዝዙት። ፍሪጅ ውስጥ 4 ሰዓት ይበቃዋል፤ ቢያድር ይመረጣል። ስትቆርጡ ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ነክራችሁ ጥረጉት።

ለጾም የጀርመኖቹ አሠራር ይመቻል፤ እነሱ ድሮም የሚሠሩት በኮኮናት ቅባት ነው። እንቁላልና ወተት ካስቀራችሁለት 200 ግራም ወተት የሌለው ጥቁር ቸኮሌት ከ100 ግራም የኮኮናት ዘይትና ከ3 ማንኪያ ፓውደር ስኳር ጋር አቅልጡ። ብስኩቱን አትሰባብሩት፤ በዳቦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ላስቲክ አንጥፋችሁ አንድ ረድፍ ቸኮሌት፣ አንድ ረድፍ ሙሉ ብስኩት እያላችሁ ደርድሩትና እንደ ፊተኛው ፍሪጅ አስገቡት። 200 ግራም ብስኩት ይበቃል። የብስኩቱን ማሸጊያ ግን አንብቡ፣ ብዙዎቹ ወተት አለባቸው።

የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያላችሁ የምትበሉትን ብቻ ቆርጣችሁ ቀሪውን ወዲያው ወደ ፍሪጅ መልሱት።