የመኪናዎ ጎማ በአንድ ጎን እየተበላ ነው? እነዚህን ስህተቶች ያስወግዱ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የተከመሩትን አሮጌ ጎማዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ። የአንዳንዱ ውጫዊ ጥርስ ገና ነው፣ ውስጡ ግን ሽቦ አውጥቷል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ግማሹ ጎማ ሳይሠራበት ተጥሏል። አንድ ጥንድ ጎማ የሚያስወጣውን ገንዘብ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ምክንያቱን ሳይጠይቁ አዲስ ጎማ መግጠም

አሮጌውን ጎማ የበላው ችግር መኪናው ላይ እንዳለ ነው። አዲሱንም ይበላዋል። ስለዚህ አሮጌው ጎማ ከመጣሉ በፊት በደንብ ይዩት፤ ምን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

አበላሉን ሳያዩ «አላይመንት ነው» ማለት

አላይመንት ማለት የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከል ነው፤ ማዕዘኖቹም ቶ፣ ካምበርና ካስተር ይባላሉ። መዳፍዎን በጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ ያንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቶ ነው። ይህ ማለት መኪናውን ከላይ ሆነው ቢያዩት ጎማዎቹ ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዞረዋል። ጎማው ወደ ፊት እየተንከባለለ በጎኑም አስፋልቱን ይፍቃል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት በቂ ነው።

ካምበር ሌላ ነው። ከፊት ሲታይ ጎማው አጋድሏል፣ ክብደቱ አንድ ጠርዝ ላይ አርፏል። ያ ጠርዝ ሳይቧጥጥ፣ ለስልሶ ያልቃል። ካስተር፣ ማለትም ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ያለው ማጋደል፣ ግን በአብዛኛው መሪ ያስቸግራል እንጂ ጎማ አይበላም።

መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቷል። ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ አንሷል። እዚህም እዚያም ጉድጓድ ጉድጓድ ካለው የመኪናውን ንጥረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ያስፈትሹ። በእነዚህ በሦስቱ አላይመንት ቢያሠሩ ገንዘብዎን ነው የሚያባክኑት።

አንድ ነገር ልጨምር። በአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ብዙ የሚመላለስ መኪና፣ አላይመንቱ ትክክል ሆኖም የፊት ጎማዎቹ ውጫዊ ጠርዝ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ኩርባ ላይ ፍጥነት መቀነስ ጎማም ያተርፋል።

ባላንስና አላይመንትን ማምታታት

በፍጥነት ሲነዱ መሪው ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ ባላንስ፣ ማለትም የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን፣ ያሠሩ። መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ወይም ቀጥ ባለ መንገድ መሪው ከተጣመመ ወደ አላይመንት ይሂዱ።

«ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ደህና ነው» ማለት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ወደ ውጭ ከዞሩ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ስለሚስብ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጎማው ግን በሁለቱም ወገን ከውስጥ ያልቃል። የውስጡ ጠርዝ ደግሞ ቆመው አይታይም። መሪውን እስከ መጨረሻው ያዙሩና ጎንበስ ብለው ይዩ።

በላላ ዕቃ ላይ አላይመንት ማሠራት

መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቴስቲና ከላላ ማሽኑ ያስተካከለው ማዕዘን ከጋራዡ ሲወጡ ይለወጣል። አስቀድመው የፊቱን ጎማ በክሪክ ያስነሱ። ግራና ቀኙን ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ቴስቲናውን ይጠርጥሩ። ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ጎማው የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ወይም የጎማውን ተሸካሚ ከእገዳው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ቦል ጆይንት ይጠርጥሩ። በክሪክ ብቻ ተማምነው ግን ከመኪና ስር አይግቡ። የላላው ይቀየር፣ ከዚያ ነው አላይመንት።

ንፋስ በጋለ ጎማ መለካት

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርደው የአባይን ወንዝ ተሻግረው ደጀን ሲወጡ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው መልሰው ወጥተዋል። ፍሬኑ ግሏል፣ ጎማውም ግሏል። ያኔ ቢለኩት ንፋሱ ከፍ ብሎ ይታያል። «በዝቷል» ብለው ካስተነፈሱት ማታ ሲቀዘቅዝ ያንሳል፣ በነጋታው ጠርዞቹ መበላት ይጀምራሉ። ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ይለኩ። ትክክለኛው መጠን ብዙውን ጊዜ የሾፌሩ በር ሲከፈት ፍሬሙ ላይ ተለጥፏል፤ ለብዙ ትንንሽ መኪኖች ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። ጤፍ ጭነው የሚሄዱ ከሆነ ለጭነት የተጻፈውን ይከተሉ።

ጎማ በማዟዟር ችግሩን መደበቅ

በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላ መቀያየር ጥሩ ልማድ ነው። የተጣመመን ማዕዘን ግን አያቀናም፤ ተራው የደረሰውን ጎማ ሁሉ ያስበላል።

ወረቀቱን ሳያዩ መክፈል

ኮምፒውተር ያለው ቤት ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ያትማል። ይጠይቁ፣ ያስቀምጡት። ቁጥሩ ከአምራቹ ገደብ ውስጥ ካልገባ ለምን እንዳልገባ ይጠይቁ። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከፊት የሚስተካከለው ቶ ብቻ ነው፤ የኋላው ደግሞ ጭራሽ አይስተካከልም። ስለዚህ ካምበሩ ወይም የኋላው ማዕዘን ከገደቡ ከወጣ፣ የታጠፈ ወይም ያረጀ ዕቃ ሊኖር ይችላል። እሱ እስኪገኝ አዲስ ጎማ አይግዙ።