የሠራሁት ሰዓት የት ገባ? በአድናቂዎች ኮንቬንሽን ፈረቃ ላልተቆጠረላችሁ

የአድናቂዎች ኮንቬንሽን፣ ማለትም የሳይንስ ልብወለድ፣ የኮሚክስና የመሳሰሉት አፍቃሪዎች የሚሰባሰቡበት ዝግጅት፣ የሚቆመው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ የተጀመረውን የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ ዎርልድኮንንም ሆነ በ1975 በቶኪዮ የተጀመረውን የኮሚክስ ገበያ ኮሚኬትን የሚያሰናዱት በዋናነት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ብዙ ኮንቬንሽኖች ውለታውን የሚመልሱት በሰዓት ቆጥረው ነው። የተባለውን ያህል የሠራ የባጁ (የመግቢያ ካርዱ) ገንዘብ ይመለስለታል ወይም የሚቀጥለውን ዓመት ባጅ በነፃ ያገኛል፤ ከዚያ በታች ለሠራ ቲሸርት ወይም የምግብ ኩፖን ሊሰጠው ይችላል። ልኩን እያንዳንዱ ኮንቬንሽን ለራሱ ስለሚወስን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

"ሠርቻለሁ፣ መዝገቡ ግን ዜሮ ይላል"

ይህ ቅሬታ ከሁሉም ይበዛል። መነሻው ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ መዝገቦችን እንደ አንድ ማየት ነው፦ አንደኛው ማን መቼ እንደሚሠራ የሚያሳየው የፈረቃ ሰሌዳ፣ ሌላው ማን በትክክል እንደተገኘ የሚያሳየው የመገኛ መዝገብ። የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው። ስማችሁ ሰሌዳው ላይ ስላለ በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታ ከሄዳችሁ፣ ለመዝገቡ አልመጣችሁም።

ሲገቡ ፈርሞ ሲወጡ መርሳትም ያው ነው። እኔ አንድ ጊዜ አድናቂዎች የታዋቂ እንግዶችን ፊርማ ለማግኘት በሚሰለፉበት ሰልፍ ጭራ ላይ "የሰልፉ መጨረሻ እዚህ ነው" የሚል ሰሌዳ ይዤ አራት ሰዓት ቆምኩ። ተቀያሪዬ ዘግይታ መጣች፤ ሰሌዳውን አስረከብኳትና ልሰማው የጓጓሁለት ውይይት እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። ማታ ወረቀቱን ሳየው የገባሁበት ሰዓት በራሴ እጅ ተጽፏል፣ የመውጫው ሳጥን ባዶ ነው። መውጫ ከሌለ የሚቀናነስ ነገር ስለሌለ አራቱም ሰዓት ዜሮ ሆነ።

መፍትሄው በዚያው ቀን የፈረቃ መሪያችሁን ይዞ ወደ በጎ ፈቃደኞች ዴስክ መሄድ ነው። መሪው ሰዓቱን ጽፎ ይፈርምላችኋል። በማግስቱ እሱም ሌላ መቶ ሰው አይቶ ይረሳችኋል፤ ስለዚህ አታሳድሩት። ከዚያ በኋላ እኔ በገባሁና በወጣሁ ቁጥር የፈረምኩበትን መስመር በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።

"ተመዝግቧል፣ ግን ያንሳል"

ሦስት ነገር አጣሩ። ፈረቃው እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ ከሆነ፣ መግቢያው በአንድ ቀን መውጫው በማግስቱ ስለሚውል ቀመሩ ሊሳሳት ይችላል፤ ቀኑንም ጭምር አጽፉ። ከሰዓታችሁ በላይ ቆይታችሁ ከሆነ፣ አንዳንዱ ኮንቬንሽን የሚይዘው በሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ "ትንሽ ቆይ" ስትባሉ እሺ በሉ፣ ግን ትርፉ ሰዓት እንዲጻፍ በዚያው ቅጽበት ጠይቁ። በሬዲዮ ተጠርታችሁ ከበር ወደ አዳራሽ ተዛውራችሁ ከሆነ ደግሞ የሁለቱንም ቦታ መሪ ማስፈረም ያስፈልጋል።

"ስሜ ጭራሽ የለም"

ምዝገባው በሙሉ ስም፣ ባጁ በኮስፕሌይ (ለብሳችሁ በምትመስሉት ገጸ ባሕርይ) ስም፣ ፈረቃው በቅጽል ስም ከሆነ ሦስት ሰው ሆናችኋል። ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ጋ አንድ ፊደል ይጨመራል፣ ሌላው ጋ ይጎድላል። ሁልጊዜ ከስማችሁ ጎን የባጅ ቁጥራችሁን ጻፉ።

"ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርን፣ ሰዓቱ ለእሱ ገባ"

በቃል መቀያየር መዝገቡን አይለውጠውም። ሁለታችሁም ዴስኩ ጋ ቀርባችሁ አስለውጡ። በጓደኛ ስም መፈረም ግን መፍትሄ አይደለም፤ ሲታወቅ የሁለታችሁም ሰዓት ሊሰረዝ ይችላል፤ ቢሰረዝም ተገቢ ነው እላለሁ።

"ሰዓቱ ሞልቷል፣ ገንዘቡ አልመጣም"

ተመላሽ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ ኮንቬንሽኑ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ወደተከፈለበት ካርድ ነው። ካርዱ ተዘግቶ ወይም ሌላ ሰው ከፍሎላችሁ ከሆነ ቀድማችሁ አሳውቁ። በነፃ ባጅ ለገባ የሚመለስ ገንዘብ የለም።

ስታመለክቱ ምሬት አታብዙ፤ አንባቢውም እንደ እናንተ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሰው ነው። ይህን ያህል ይበቃል፦ "የባጅ ቁጥሬ ይህ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መግቢያ በር ላይ ሠርቻለሁ። መሪዬ እገሌ ነበሩ። መውጫዬ አልተመዘገበም። የፈረምኩበት ገጽ ፎቶ ተያይዟል።"

"የመጨረሻው ቀን ደረሰ፣ ሁለት ሰዓት ጎደለኝ"

ቀላሎቹ ፈረቃዎች በጊዜ ይያዛሉ፤ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ስትፈልጉ ሰሌዳው ሙሉ ነው። ያኔ "ለማፍረስ ሰው ትፈልጋላችሁ?" ብላችሁ ዴስኩን ጠይቁ። ጠረጴዛ የሚያጥፍ፣ ወንበር የሚደረድር፣ ከወለል ላይ ቴፕ የሚልጥ እጅ ሁልጊዜ ያጥራል፤ አንዳንድ ኮንቬንሽኖችም ለዚህ ሥራ ሰዓቱን እጥፍ ይቆጥራሉ። ብቻ የመፈረሚያው ዴስክ ራሱ ሳይፈርስ መውጫችሁን አስመዝግቡ።