የግቢ መዋኛ ገንዳ ያላቸው ቤተሰቦች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቦሌ፣ በኦልድ ኤርፖርትና በሳር ቤት ካሉ ቪላዎች አንዳንዶቹ መዋኛ ገንዳ አላቸው። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ቤተሰቡ በገንዳው የሚጠቀመው በአብዛኛው በበጋው ወራት፣ ያውም ፀሐይ በበረታበት የቅዳሜና የእሑድ ከሰዓት ነው፤ በቀረው ጊዜ ገንዳው ማንም ሳያስበው ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ከዚህ በታች የሚገለጹት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ገንዳ አደገኛ የሚሆነው ሰው ሲዋኝበት ብቻ ነው ከሚል አስተሳሰብ ነው። ይልቁንም ክፉው ሰዓት ለመዋኘት ያሰበ ሰው የሌለበት ሰዓት ነው።

የግቢውን አጥር የገንዳው አጥር አድርጎ መቁጠር

የከተማችን ቪላዎች አጥር ረጅም ነው፤ አናቱ ላይ እሾኻማ ሽቦ አለው፣ በሩም ላይ ጥበቃ ይቆማል። ይህ ሁሉ ግን የሚከለክለው የውጭውን ሰው ሲሆን፣ ለአደጋ የተጋለጠው ሕፃን ያለው ከአጥሩ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ሲሰምጥ ብዙውን ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውኃው በላይ የሚወጣባት ቅጽበት ለመተንፈስ እንኳ ስለማትበቃው ለጥሪ የሚሆን ትንፋሽ አይተርፈውም። እናት ከማድ ቤት ሆና ድምፅ ስላልሰማች ብቻ ሁሉ ሰላም ነው ብላ ልትደመድም አትችልም።

ስለዚህ ገንዳው በአራቱም ጎን የራሱ አጥር ሊኖረው ይገባል፤ የሳሎኑ በር በቀጥታ ወደ ገንዳው የሚከፈት ከሆነ በዚያ በኩል ያለው አጥር ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ቁመቱ ከ1.2 ሜትር ማነስ፣ በብረቶቹም መካከል ሆነ ከሥር ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት በራሱ ተመልሶ የሚዘጋና መቀርቀሪያው ሕፃን እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ የተገጠመ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አሟልቶ የተሠራ አጥር ከጊዜ በኋላ ዋጋ የሚያጣው ብዙውን ጊዜ በትንሽ ነገር ነው፦ አትክልተኛው የውኃ ጎማውን ሲያመላልስ እንዳያስቸግረው በሩን ከብረቱ ጋር በሽቦ ያስረዋል፣ ወይም የፕላስቲክ ወንበርና የአበባ ማሰሮ አጥሩን ተደግፈው ይቀመጡና ለሕፃኑ መሰላል ይሆኑታል። በክረምት ገንዳው ላይ የሚዘረጋ ልል ሸራም መከላከያ አይደለም፤ የረገጠውን ሕፃን አብሮት ይዞ ስለሚገባና ከላይም ስለሚሸፍነው ሳይሸፈን ከተተወ ገንዳ የባሰ ነው። ከዋና በኋላ ኳስና መጫወቻ ውኃው ላይ መተውም ሕፃኑን መጥራት ነው።

በግብዣ ቀን «ሰው ሞልቷል» ብሎ መዘናጋት

በልደት ወይም በክርስትና ቀን ግቢው በሰው ሲሞላ እያንዳንዱ እንግዳ ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባል፣ በዚህም ምክንያት ማንም አያይም። መፍትሔው አንድ ዋና የሚችል አዋቂ ስልኩን አስቀምጦ፣ መጠጥ ሳይቀምስ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል ለ15 ደቂቃ እንዲቆምና ተራውን ለሌላ በስም ጠርቶ እንዲያስረክብ ማድረግ ነው። ይህን ኃላፊነት ምግብ ለምታመላልሰው የቤት ሠራተኛ ደርቦ መስጠት በእርሷም በልጆቹም ላይ መፍረድ ነው።

ዋና የማይችል ሰው የሚሰምጠውን ለማዳን ዘሎ መግባት የለበትም፤ ሁለት ሰው የሚጠፋው እንዲህ ነው። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑ ጠብቆ፣ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ ታስሮ ከአጥሩ ላይ ቢሰቀል አንድን አዋቂ አንገቱን ከውኃ በላይ አድርጎ ለማቆየት ይበቃል። እርሱ ከሌለ ዳር ላይ በደረት ተኝቶ የጋቢ ጫፍ መወርወር ይቻላል። ከውኃ የወጣ ሰው የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታው የሚጀምረው ደረትን ከመጫን ሳይሆን ትንፋሽ ከመስጠት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ30 ግፊቱ 2 ትንፋሽ እየተሰጠ ባለሙያ እስኪደርስ ይቀጥላል። የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ስልኮች ከገንዳው አጠገብ በትልቁ ተጽፈው መለጠፍ አለባቸው።

ጥርት ያለ ውኃ ንጹሕ ውኃ ነው ብሎ ማመን

ውኃው ሰማያዊ ሆኖ እያማረ ተቅማጥ የሚያስይዙ ጀርሞች ሊኖሩበት ይችላሉ። አስተማማኙ መንገድ በመመርመሪያ ኪት መለካት ነው፦ ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8። ሁለቱ ተነጣጥለው አይታዩም፤ ፒኤች 7.5 ሲሆን ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ጀርም የመግደል ኃይሉን እንደያዘ ይቆያል፣ ወደ 8 ሲወጣ ግን ይህ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ፒኤች ሳይለኩ ክሎሪን መጨመር ብዙ ወጪ አውጥቶ ጥቂት ማግኘት ነው።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ሊታሰብበት ይገባል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምርና አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ፣ ጠዋት የተጨመረ ክሎሪን በበጋ ፀሐይ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ስለሆነም ክሎሪን መጨመር ያለበት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው። ሳያኑሪክ አሲድ የተባለው ኬሚካል በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ቢኖር ክሎሪኑን ከፀሐይ ይጠብቀዋል፤ ሆኖም ትራይክሎር የተባሉት የክሎሪን እንክብሎች ይህንኑ አሲድ ይዘው ስለሚመጡ ሌላ ሳይለካ እነርሱን ብቻ ለዓመታት መጠቀም አሲዱን ያከማቻል። ከመጠን ያለፈውን መቀነሻ ተግባራዊ መንገድ ከፊል ውኃውን መቀየር ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጠኑን በግምት መበተንም አይገባም። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48,000 ሊትር ይይዛል። የክሎሪኑን መጠን በሊትር በ1 ሚሊ ግራም ከፍ ለማድረግ ኃይሉ 65 በመቶ ከሆነው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ከተባለው የክሎሪን ዱቄት 74 ግራም ገደማ ይበቃዋል። ዓይን የሚያቃጥለው ኃይለኛ ሽታም ክሎሪን መብዛቱን አያሳይም፤ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠረው ክሎራሚን ሽታ ነው፤ ስለዚህ ከመግባት በፊት ገላን መታጠብ ከማንኛውም ኬሚካል ይቀድማል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ደግሞ ቢያገግምም እንኳ ወደ ገንዳው ሳይገባ 2 ሳምንት መቆየት አለበት፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በተለመደው የክሎሪን መጠን ከሳምንት በላይ ይኖራል።

ኬሚካሉን በጥበቃው ቤት ከከሰል ጆንያ አጠገብ ማስቀመጥ

በእኔ እምነት በእኛ ቤቶች እጅግ የተናቀው አደጋ ይህ ነው። የክሎሪን ዱቄት ከነዳጅ፣ ከዘይት ወይም ከቅባት ጋር ሲነካካ ክብሪት ሳይጫርበት ሊቀጣጠል ይችላል፤ እኛ ግን ባልዲውን ከጄኔሬተሩ ናፍጣና ከከሰሉ ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል እናስቀምጣለን፣ በዚያው ክፍል ሰው ይተኛል። ትራይክሎርና ካልሲየም ሃይፖክሎራይት እርስ በርስ ከተቀላቀሉ ሊፈነዱ ስለሚችሉ በአንድ ማንኪያ እንኳ መጨለፍ የለባቸውም። ፒኤች ለመቀነስ የሚጨመረው አሲድ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ዱቄቱ በብዙ ውኃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስም።

አሲድን በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ የተጠማ ሰው ውኃ መስሎት ያነሣዋል። በመያዣው ላይ ያለው ጽሑፍ በውጭ ቋንቋ ስለሆነ፣ ገንዳውን የሚንከባከበው ሠራተኛ የእያንዳንዱን ስም፣ መጠንና ክልከላ በሚያነበው ቋንቋ ተጽፎለት፣ ጓንትና የዓይን መከላከያም ተገዝቶለት ሊሠራ ይገባል።

የወለሉን መምጠጫና ኤሌክትሪኩን መርሳት

ፓምፑ ውኃ የሚስብበት የወለል ቀዳዳ ክዳኑ ከወለቀ ወይም ከተሰነጠቀ ፀጉርንና አካልን ይዞ ማስቀረት ይችላል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 አንዲት የ7 ዓመት ልጅ በዚህ ምክንያት ከሞተች በኋላ በ2007 በስሟ የተጠራ ሕግ ወጥቷል። ክዳኑ ጎበጥ ያለ፣ በብሎን የታሰረ፣ ቢቻልም መምጠጫዎቹ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ሁለት መሆን አለባቸው፤ የፓምፑን ማጥፊያም ቤተሰቡ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። መብራት በተቋረጠ ቁጥር ባትሪ የሌለው የሰዓት መቆጣጠሪያ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ሌሊት እንዲሠራ የተሞላው ፓምፕ ቀን ልጆች ውኃ ውስጥ ሳሉ ሊነሣ ይችላል፤ ሰዓቱ በየሳምንቱ ይታይ። መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያጋጥም ኃይሉን የሚያቋርጥ ብሬከር ይኑረው፤ የውኃ ውስጥ መብራቶቹም ባለ 12 ቮልት ይሁኑ።

ክረምት ሲገባ ገንዳውን መተው ወይም ባዶ ማድረግ

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ክሎሪኑን ያቀጥናል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭቃ ያስገባል፤ ፓምፑ ከቆመ ውኃው በጥቂት ቀናት አረንጓዴ ይሆናል። ወለሉ የማይታይ ውኃ የሰመጠ ሰውንም ይደብቃል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ገንዳውን ባዶ ያደርጋል፤ ይህ ግን ሌላ ጉዳት ያስከትላል። እንደ ቦሌ ባሉ ዋልካ አፈር በሚበዛባቸው ሰፈሮች አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የከርሰ ምድር ውኃም ከሥር ይገፋል፤ ውስጡ ክብደት የሌለው ገንዳ ሊሰነጠቅ አልፎም ሊነሣ ይችላል። ውኃው ባለበት ሆኖ ፓምፑ በቀን ለጥቂት ሰዓት ይሥራ፣ ክሎሪኑ በየሳምንቱ ይለካ፣ ከከባድ ዝናብም በኋላ የተረፈው ውኃ ይቀነስ።

ጥቅምት ላይ ገንዳው ለዋና ሲዘጋጅ ማጣሪያው በተቃራኒ የውኃ ፍሰት ይታጠብ፤ የግፊት መለኪያው ንጹሕ ከነበረበት በ0.5 ባር በጨመረ ቁጥርም ይህ ይደገም። በቦቴ የተገዛ የጉድጓድ ውኃ ብረት ካለበት ክሎሪን ሲነካው ቡናማ ይሆናል፤ ይህ እስኪጣራ ጥቂት ቀን ይወስዳል። የወለሉ መምጠጫ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው በግልጽ እስኪታይ፣ ብሎኖቹም በእጅ ተነቅንቀው እስኪፈተሹ ድረስ ማንም ሰው አይግባ።