የዓረፍተ ነገር ባለቤት ከየት ተነስቶ የት ያርፋል? የባለቤት ዝውውርን ደረጃ በደረጃ ማሳየት

በጄኔሬቲቭ ሲንታክስ (ዓረፍተ ነገር በምን ሕግ እንደሚገነባ በሚያጠናው የሥነ ልሳን ዘርፍ) ባለቤቱ መጀመሪያ የሚገባበት ቦታና በመጨረሻ የምንሰማበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። መነሻው ግሳዊው ሐረግ ውስጥ ነው፤ ሚናውን፣ ማለትም አድራጊ ወይም ተደራጊ መሆኑን፣ የሚያገኘው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ የጊዜና የስምምነት ምልክት በሚገኝበት ክልል ያርፋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዙዎች ባለቤቱን ከመጀመሪያው እላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ትንታኔ ከታች ያስነሳዋል።

አማርኛ ላይ ይህን ለማሳየት ስንነሳ አንድ ችግር ይገጥመናል። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ባለቤቱ ከታችም ይሁን ከላይ፣ ያው ከፊት ነው። «ተማሪዋ መጽሐፉን አነበበች» በሚለው ውስጥ «ተማሪዋ» ብትንቀሳቀስም ባትንቀሳቀስም የቃላቱ ቅደም ተከተል አይለወጥም። ስለዚህ ዛፍ (የዓረፍተ ነገሩን መዋቅር በቅርንጫፎች የሚያሳይ ሥዕል) ሥሎ ዝውውሩን የሚያሳይ ቀስት ማስመር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ቀስቱ በማስረጃ መቆም አለበት። ከታች ያለው አካሄድ ሥዕሉንም ማስረጃውንም ያጣመረ ነው።

መጀመሪያ፦ ትክክለኛውን ምሳሌ መምረጥ

ባለቤቱ ወይ አንስታይ ወይ ብዙ ቁጥር ይሁን። «ልጁ»ን የመሰለ ተባዕት ነጠላ አይምረጡ። በአማርኛ ግስ ከማንም ጋር ሳይስማማ ሲቀር የሚይዘው ቅርጽ የ3ኛ መደብ ነጠላ ተባዕት ነውና «ልጁ የተኛ ይመስላል» ሲሉ «ይመስላል» ከ«ልጁ» ጋር ተስማምቶ ይሁን ባዶውን ቆሞ መለየት አይቻልም። ጀማሪዎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ ትንታኔው ሁሉ ትክክል ሆኖ ምሳሌው ምንም ሳያሳይ ይቀራል።

ተሳቢውም የታወቀ ይሁን፤ «መጽሐፍ» ሳይሆን «መጽሐፉን»። የ«ን» መኖርና መጥፋት በኋላ ዋና ምስክር ይሆናል። እንደ «ትናንት» ያለ ተውሳከ ግስም ያዘጋጁ።

ሁለተኛ፦ ከታች ወደ ላይ መገንባት

ግሱና ተሳቢው መጀመሪያ ይጣመራሉ፦ [መጽሐፉን አነበብ]። ከዚህ በላይ አድራጊን የሚያስገባ ራስ (የሐረጉን ዓይነት የሚወስን ዋና አባል) ይቀመጣል፤ በዘርፉ «ትንሿ ቪ» ይሏታል። ባለቤቱ የሚገባው በዚህ ራስ ሐረግ ጫፍ ላይ ነው፦

[ተማሪዋ [መጽሐፉን አነበብ]]

እዚህ ደረጃ ላይ ማን እንዳነበበና ምን እንደተነበበ ተወስኗል፤ መቼ እንደሆነ ግን ገና ነው። ቀጥሎ የጊዜ ራስ ይጨመራል። በአማርኛ ራሶች በአብዛኛው በቀኝ ስለሚሰለፉ ቅርንጫፉን በስተቀኝ ይሣሉ። የጊዜው ራስ የሚስማማበት ስማዊ ሐረግ ፍለጋ ወደ ታች ይመለከታል፤ የመጀመሪያውን ያገኛል፤ መደቡን፣ ቁጥሩንና ጾታውን ወስዶ በግሱ ላይ ይገልጻል። ያ ስማዊ ሐረግም ወደ ጊዜው ራስ ሐረግ ጫፍ ይወጣል፦

[ተማሪዋ [(ተማሪዋ) [መጽሐፉን አነበብ]] ኧች]

በቅንፍ ያለው ታችኛው ቅጂ ነው። በቀደመው አጻጻፍ «ዱካ» ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ያው ቃል ሁለት ቦታ እንዳለ፣ የሚነገረውም የላይኛው ብቻ እንደሆነ ይታሰባል። ልዩነቱ የስያሜ ብቻ አይደለም። ታችኛው ቅጂ ድምፅ ባይኖረውም ለትርጉም አለ፤ ይህ በኋላ ላይ ይጠቅመናል።

«የመጀመሪያውን ያገኛል» ስንል ቅርበቱ የሚለካው በዛፉ ከፍታ ነው። በአማርኛ «መጽሐፉን» ከ«ተማሪዋ» ይልቅ ለግሱ መጨረሻ የቀረበ ስለሚመስል የጊዜው ራስ እሱን ቀድሞ የሚያገኝ ይመስላል። ቃላት አይቁጠሩ። ከላይ ሲወርዱ ቀድሞ የሚገኘው ተማሪዋ ናት፤ ተሳቢው ከእሷ ሥር ነው። ተሳቢው ባለቤቱን ዘሎ መውጣት የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፦ በተገብሮ ማረጋገጥ

መንገዱን የዘጋው አድራጊ ሲወገድ ተሳቢው ይወጣል ማለት ነው። ይህንን በሚከተሉት ይፈትኑ፦

ፖሊሶቹ ሌባዋን ያዟት።
ሌባዋ ተያዘች።

አራት ነገር በአንዴ ተለውጧል። «ተ» መጣ፤ አድራጊው ከባለቤትነት ወረደ፤ ቢጠቀስም «በፖሊሶቹ» ተብሎ ነው። «ን» ጠፋ። በግሱ ላይ የነበረው የተሳቢ ምእላድ «ት» ጠፋ። ግሱም ከ«ፖሊሶቹ» ጋር መስማማቱን ትቶ ከ«ሌባዋ» ጋር ተስማማ። የሌባዋ ሚና ግን አልተለወጠም፤ በሁለቱም የተያዘችው እሷ ናት። ሚናው ታች እንደተሰጠ፣ ስምምነቱ ላይ እንደተገኘ ከዚህ የተሻለ ግልጽ ማሳያ አማርኛ የለውም ብዬ አምናለሁ። ሥዕሉ፦

[ሌባዋ [(ሌባዋ) ተያዝ] ኧች]

ጥንቃቄ፦ «ተ» ያለበት ግስ ሁሉ ተገብሮ አይደለም። «ተቀመጠች» ላይ ያስቀመጣት ሌላ ሰው የለም፤ «ተጣሉ» እርስ በርስ ነው፤ «ታጠበች» ደግሞ ራሷን ታጥባም ሌላ ሰው አጥቧትም ሊሆን ይችላል። «በእገሌ» የሚል አድራጊ መጨመር ካልተቻለ ምሳሌውን ይቀይሩት።

አራተኛ፦ ተሳቢ ሆነው የሚነሱ ባለቤቶች

አንዳንድ ባለአንድ ተሳታፊ ግሶች «ተ» ሳይኖራቸው እንደ ተገብሮ ይሠራሉ። ሐሳቡን የሥነ ልሳን ምሁሩ ፐርልሙተር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ነው፤ «ቀለጠ» እና «ጨፈረ» ሁለቱም ተሳቢ ባይኖራቸውም የመጀመሪያው ባለቤት የሚነሳው ከተሳቢ ቦታ ነው፣ የሁለተኛው ከአድራጊ ቦታ።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መፈተሻ ይሰጣል። ግሱ በ«አ» ብቻ ወደ አስደራጊነት ከተሻገረ ባለቤቱ ከታች የተነሳ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ «አስ» ካስፈለገው አድራጊ ነው። «ሻማዎቹ ቀለጡ» «ሙቀቱ ሻማዎቹን አቀለጣቸው» ይሆናል። «ልጆቹ ጨፈሩ» ግን «ዘፋኙ ልጆቹን አስጨፈራቸው» ነው፤ «አጨፈራቸው» አይባልም። «ደረቀ፣ አደረቀ» እና «ፈላ፣ አፈላ» ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። መፈተሻው ለባለአንድ ተሳታፊ ግስ ብቻ ያገለግላል፤ «በላ፣ ጠጣ፣ ለበሰ» ተሳቢ እያላቸው «አበላ፣ አጠጣ፣ አለበሰ» ይላሉና በነሱ አይሞክሩት።

አምስተኛ፦ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላው

ባለቤት ከበታች ዓረፍተ ነገር ተነስቶ የበላዩን ባለቤትነት ሊይዝ ይችላል። ችግሩ በመልክ ፍጹም የሚመስለው፣ ዝውውር የሌለበት ሌላ ዓይነት መኖሩ ነው። እነዚህን ያነጻጽሩ፦

ልጆቹ መሮጥ ጀመሩ።
ልጆቹ ለመሮጥ ወሰኑ።

«ወሰነ» የሚወስን ሰው ይፈልጋል፤ ለባለቤቱ የራሱን ሚና ይሰጣል። ስለዚህ «ልጆቹ» የተወለዱት እላይ ነው፤ «ለመሮጥ» ሥር ያለው ድምፅ አልባ ተውላጠ ስም ነው። «ጀመረ» ግን ለባለቤቱ ምንም ሚና ላይሰጥ ይችላል፤ የሩጫውን ባለቤት ተውሶ ወደ ላይ ያወጣዋል።

ማረጋገጫ አንድ፣ ፈሊጥ። «ጉድ ፈላ» ፈሊጥ ነው፤ «ጉድ» ያን ትርጉም የሚይዘው ከ«ፈላ» ጋር ታች ሲጣመር ብቻ ነው። «ጉድ መፍላት ጀመረ» ስንል ፈሊጡ ይኖራል። «ጉድ ለመፍላት ወሰነ» ግን ትርጉም አይሰጥም፤ «ወሰነ» ለ«ጉድ» ሚና ሊሰጠው ፈልጎ የሚሰጠው አጣ። ፈሊጡ ከቆየ ዝውውር አለ፤ ከፈረሰ የለም።

ማረጋገጫ ሁለት፣ የበታቹን ወደ ተገብሮ መለወጥ። «ሐኪሙ ልጅቷን መመርመር ጀመረ» እና «ልጅቷ በሐኪሙ መመርመር ጀመረች» አንድ ሁኔታን ይገልጻሉ። «ሐኪሙ ልጅቷን ለመመርመር ወሰነ» እና «ልጅቷ በሐኪሙ ለመመርመር ወሰነች» ግን ወሳኙን ይለውጣሉ። «መመርመር» በጽሑፍ አንድ ቢሆንም በተገብሮው ሁለተኛው «መ» ይጠብቃል፤ ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ ምሳሌውን ጮክ ብለው ያንብቡት።

«መሰለ» ከሁሉም ይበልጥ ያጓጓል፤ ከሁሉም ይበልጥም ያሳስታል፦

ልጆቹ የተኙ ይመስላል።
ልጆቹ የተኙ ይመስላሉ።

በመጀመሪያው የበላዩ ግስ ባዶውን ቆሟል፤ «ልጆቹ» ታች፣ በበታቹ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። በሁለተኛው ስምምነቱ ከ«ልጆቹ» ጋር ነው፤ ስለዚህ ወጥተዋል ለማለት ያመቻል። ነገር ግን አይቸኩሉ። «ልጆቹ አባታቸውን ይመስላሉ» በሚለው «መሰለ» ሁለት ተሳታፊ ያለው ተራ ግስ ነው፤ «የተኙ» ደግሞ ስም የሌለው አንጻራዊ ሐረግ፣ ማለትም «የተኙ ልጆች»፣ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ልጆቹ እላይ ተወልደዋል፣ ዝውውርም የለም። አንድ ሁኔታ አስበው ይፈትኑ፤ በሩ ተዘግቷል፣ ከውስጥ ድምፅ አይሰማም፣ ልጆቹን አላዩአቸውም። «ይመስላል» እዚያ ይመቻል። «ይመስላሉ» ልጆቹን እያዩ ካልሆነ ቅር የሚያሰኝዎ ከሆነ ግሱ ለእነሱ የሚታይ ነገርነትን ሚና ሰጥቷቸዋል ማለት ነውና ቀስቱን አያስምሩ።

ስድስተኛ፦ ታችኛው ቅጂ መኖሩን መፈለግ

የሥነ ልሳን ምሁሩ ስፖርቲሽ እ.ኤ.አ. በ1988 በፈረንሳይኛ ላይ ያቀረበው ማስረጃ «ሁሉም»ን የመሰሉ ቃላት ባለቤቱ ሲወጣ ወደኋላ መቅረታቸው ነው። በአማርኛ፦

ተማሪዎቹ ትናንት ሁላቸውም መጡ።

«ሁላቸውም» ከ«ተማሪዎቹ» ጋር ተወልዶ ታች ቀረ ብሎ ማሰብ ይቻላል። ብቻውን ግን አያሳምንም፤ አማርኛ ቃላትን ወደ ፊት ማውጣት ስለሚፈቅድ «ተማሪዎቹ» የወጡት ርእስ (ወሬው የሚወራለት ነገር) ለመሆን ሊሆን ይችላል። «ተማሪዎቹማ» ማለት ሲቻል ይህ ጥርጣሬ ይጠነክራል።

የትርጉሙ ማስረጃ ይሻላል። «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ከሚለው በኋላ አንዴ «ክፍሉ ባዶ ነው» ብለው ይቀጥሉ፣ አንዴ «ግማሾቹ ግን መጥተዋል»። ሁለቱም ካስኬዱ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ትርጉም አለው። በሁለተኛው «ሁሉም» የሚተረጎመው ከአሉታው ሥር ነው፤ ድምፁ ላይ፣ ትርጉሙ ታች። ታችኛው ቅጂ ለዚህ መልስ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ከመጀመሪያውም እላይ ብቻ ከተቀመጠ ግን ሁለተኛው ትርጉም ከየት እንደመጣ መናገር ይከብዳል።

ርእስን ከባለቤት ለመለየት ባለቤቱን በ«ማንም» ይተኩት። «ማንም» ማንንም ስለማያመለክት ርእስ ሊሆን አይችልም። «ማንም መጽሐፉን አላነበበም» ካስኬደ፣ በዚያ ቦታ ያለው እውነተኛ ባለቤት ነው።

የማይወጡ ባለቤቶችስ?

የባለቤቱ የላይ ቦታ የግድ መሞላት አለበት የሚለው ሕግ፣ የሥነ ልሳን ምሁሩ ቾምስኪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቀረጸው፣ ለእንግሊዝኛ በጣም ይሠራል፤ እዚያ ቦታው ባዶ ሊቀር ስለማይችል ትርጉም አልባ ቃል እንኳ ይገባበታል። አማርኛ እንዲህ ያለ ቃል የለውም። «ቤቱ ውስጥ ሰው አለ» እና «ሰውየው ቤቱ ውስጥ አለ» የሚሉትን ይመልከቱ፤ ያልታወቀው «ሰው» ከቦታው ሐረግ በኋላ፣ የታወቀው «ሰውየው» ከፊቱ። ያለ ልዩ አጽንኦት ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥም። ያልታወቀው ታች ቀርቷል፣ የታወቀው ወጥቷል ብሎ መተርጎም ተገቢ ነው።

በግስ ላይ ያለው የባለቤት ምእላድ ራሱ የላዩን ቦታ ያሟላል፣ ስለዚህ እንደ አማርኛ ባለቤቱን መጣል በሚቻልባቸው ቋንቋዎች ስማዊው ሐረግ መውጣት አይጠበቅበትም የሚል ክርክር አለ። ይህን አቋም ከያዙ በሁለተኛው ደረጃ የሣሉትን ቀስት ያነሳሉ፤ በሦስተኛውና በአምስተኛው ያሉት እውነታዎች ግን ሚና ታች እንደሚሰጥ፣ ስምምነትም ከላይ እንደሚፈልግ ስለሚያሳዩ ሳይነኩ ይቆያሉ። ሥራዎን ሲጽፉ ሁለቱን ለያይተው ያስቀምጡ፦ የስምምነቱ ግንኙነት በምእላዱ ይታያል፤ የቦታው ለውጥ ግን በየምሳሌው የራሱን ማስረጃ ይጠይቃል።