ስለ ሕንጻና ስለ ቤት ውስጥ ዲዛይን የሚጽፍ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በግሉ እየሠራ ስለ ኪነ ሕንጻና ስለ ቤት ውስጥ ዲዛይን የሚጽፍ ጋዜጠኛ መረጃ የሚያጣራለት ባልደረባ የለውም። አዘጋጁ ዐረፍተ ነገሩን ቢያርምም ሕንጻውን ስላላየው፣ የተሳሳተ ቁጥርም ሆነ የተዘለለ ስም ጠያቂ ሳያገኝ ይታተማል፤ ከዚያም ሌላው ጸሐፊ ይቀዳዋል። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት ደግሞ ከአንድ ልማድ ነው፤ ሕንጻውን ሄዶ ከመመርመር ይልቅ የአርክቴክቱ ቢሮ በኢሜይል የላከውን መግለጫ አምኖ መጻፍ።

ከሁሉም የሚከፋው ሥራውን በስሪዲ ምስል ወይም በምረቃው ዕለት ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። በስሪዲው ላይ ዛፉ አድጓል፣ መኪና አልቆመም፣ ጣሪያው ላይም ሮቶ የለም። ከተመረቀ ዓመት የሞላውና ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ የመስታወት ሕንጻ ውስጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገባ ሰው ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ ሠራተኞቹ ፀሐዩ የኮምፒውተራቸው ስክሪን ላይ እያንጸባረቀ ስላስቸገራቸው ጋዜጣና የካርቶን ቁራጭ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈዋል። ይህን የሚናገር መግለጫ እስካሁን አልተጻፈም። በሐምሌ ወደ መጨረሻው ፎቅ ወጥቶ የጂፕሰሙን ኮርኒስ ቀና ብሎ ማየትም ይገባል፤ ጠርዙ ቡናማ የሆነ እድፍ ካለ ውሃው ከየት እንደሚገባ መጠየቅ የጋዜጠኛው ሥራ ነው። ለዚህ ጥያቄ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ የሚሰጡት መልስ ከአርክቴክቱ ረጅም ቃለ ምልልስ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌላው ስህተት «ማን ሠራው?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ስም መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት «ቻይና ሠራችው» ብሎ ማለፍ ሦስት የተለያዩ ድርሻዎችን ይጨፈልቃል፤ ወጪውን የሸፈነው የቻይና መንግሥት፣ ዲዛይኑን ያወጣው የሻንግሃዩ ቶንግጂ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ተቋም፣ ግንባታውን ያከናወነው ደግሞ ቻይና ስቴት ኮንስትራክሽን ነው። በአፍሪካ አዳራሽም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በትክክል ይወሳሉ፤ ሕንጻውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በመኖሪያ ቤት ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ደግሞ ቁም ሳጥኑን በልኩ የቆረጠውን አናጺ ጨርሶ አያነሳም፤ አንባቢው ከጽሑፉ በኋላ በመጀመሪያ የሚፈልገው ሰው ግን እሱ ነው።

ቁጥር የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ማለትም በ1953 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጸሐፊው «እ.ኤ.አ.»ን ጥሎ 1961 ዓ.ም. ብሎ ከጻፈ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. በዚያው አዳራሽ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዳራሹ ሳይሠራ ስድስት ዓመት አስቀድሞ ተሰብስቧል ማለት ይሆናል። ሁለተኛው የፎቅ ቆጠራ ነው። እኛ ጂ+4 የምንለው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤቱ ሲጨመር አምስት ደረጃ ያለው ሕንጻ ስለሆነ፣ ለአሜሪካ መጽሔት የሚጽፍ ሰው አራት ብሎ ቢልክ አንድ ፎቅ አጉድሏል፤ አሜሪካውያን ምድሩን አንድ ብለው ይጀምራሉና። የይዞታውን ስፋት ከጠቅላላው የወለል ስፋት ጋር ማምታታትም ከዚሁ ይመደባል።

ስለ ቅጽል ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ዘመናዊ»፣ «ማራኪ» እና «ዓይነ ግቡ» ለማንኛውም ሳሎን ስለሚሆኑ የትኛውንም ሳሎን አይገልጹም። ጠረጴዛው ዋንዛ ነው ወይስ በእንጨት መልክ የተለበጠ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ)? ወለሉ ቴራዞ (የድንጋይ ፍርካሽ በሲሚንቶ ተቀላቅሎ የተለሰለሰ) ነው ወይስ የፖርሲሊን ንጣፍ? እነዚህን የለየ ጽሑፍ ቅጽል ሳይጠቀም ክፍሉን ያሳያል፤ ዋጋውንና የሚያገለግልበትን ዕድሜም ለመገመት ያስችላል።

በጥቅም በኩል አደገኛው ነገር ጉቦ ተብሎ የማይጠራው ነው። የፈርኒቸር ነጋዴው ለጋዜጠኛው ሶፋ በቅናሽ ይሸጥለታል፤ ወይም አርክቴክቱ ለድርጅቱ ብሮሹር ጽሑፍ ያሠራውና ይከፍለዋል። በግል ለሚሠራ ሰው ይህ ገቢ የቤት ኪራይ ሊሆን ስለሚችል የብሮሹር ሥራውን ፈጽሞ አትቀበል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ስለዚያው ድርጅት ለመጽሔት ሲጽፍ ግንኙነቱን ለአዘጋጁ አስቀድሞ አለመንገር ይቅር የማይባል ጥፋት ነው። ያንኑ ጽሑፍ «ለእናንተ ብቻ» እያሉ ለሁለት መጽሔቶች ማቅረብም እንዲሁ።

በመጨረሻ የሚታሰበውና ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ፎቶግራፉ ነው። አርክቴክቱ ፎቶውን ስለላከ ብቻ የማሳተም ፈቃድ ሰጥቷል ማለት አይደለም፤ መብቱ በውል ካልተላለፈ በፎቶ አንሺው እጅ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈቃዱን ከመብቱ ባለቤት በጽሑፍ መቀበልና ስሙን ከምስሉ ሥር ማስፈር ያስፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ሳሎኑን ብቻ የሚመለከት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የልጆቹ ፎቶ የተሰቀለበት ግድግዳ፣ የቤት ቁጥሩ የሚነበብበት የግቢ በርና የመኪናው ታርጋ ከምስሉ ውስጥ መውጣት አለባቸው፤ ይህንንም ጋዜጠኛው ምስሎቹን ለአዘጋጁ ከመላኩ በፊት ከባለቤቱ ጋር አንድ በአንድ እያየ መጨረስ ይኖርበታል።