መዓዛማ ዘይት በቤት ውስጥ፦ በስንት ጠብታ፣ ከምን ጋር

ወሎ ውስጥ ቅጠል የማያውቅ ቤት የለም። ጉንፋን ሲጠና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ በጋቢ ተሸፍኖ ይታጠናል፤ ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል፤ ጦስኝ ሻይ ውስጥ፣ ጤና አዳም ቡና ውስጥ ይገባል። ዕውቀቱ መልካም ነው። ጉዳት የሚመጣው ከቅጠሉ ወደ ብልቃጡ ስንሻገር ያንኑ ልማድ ይዘን ስንሄድ ነው። በሱቅ «ኢሴንሻል ኦይል» እየተባለ የሚሸጠው መዓዛማ ዘይት ቅጠሉ በእንፋሎት ተጣርቶ የሚገኝ ነው፤ ከአንድ ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አውራ ጣት የምታክለው ብልቃጥ ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንዴም አንድ ኪሎ ቅጠል ይዛለች ማለት ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጠጣም ዘይቱ አይጠጣም። ሻይ ላይ፣ ማር ላይ፣ ቡና ላይ አንድ ጠብታም ቢሆን አታድርጉ።

መጀመሪያ ልኩን እንያዝ። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያህል ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር። ሰውነት ላይ ለሚቀባ ነገር በሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት 6 ጠብታ ጨምሩ፤ ይህ አንድ በመቶ ይሆናል። ጤነኛ አዋቂ እስከ 12 ጠብታ ይችላል፤ ለፊት ግን ከ3 አይለፍ። ሁሉም ዘይት እኩል እንዳይመስላችሁ። የጠጅ ሳር ዘይት ቆዳ ቶሎ ስለሚያስቆጣ ለዚያው መጠን 4 ጠብታ ይበቃዋል፤ የጦስኝ ዘይትም ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ከ3 ጠብታ አትለፉ። ለማቅጠኛ የሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነው። ኑግም ይሠራል፣ ግን የራሱ ሽታ ስለሚበረታ መዓዛውን ይውጠዋል።

ውሃ ማቅጠኛ አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በገላ መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ አምስት ጠብታ ጣል አድርጋችሁ ብታዩ ዘይቱ ከላይ ክብ ክብ ሠርቶ ይንሳፈፋል፤ ብታማስሉትም ተበታትኖ መልሶ ይገናኛል። ሳፋው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ያ ያልቀጠነው ዘይት ነው፤ የሚቃጠለውም ስስ ቦታ ነው። ወደ ውሃ የሚገባ ዘይት አስቀድሞ በአንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ወይም በምግብ ዘይት ይታሽ።

አዲስ ዘይት ስትጀምሩ የቀጠነውን በክርናችሁ መታጠፊያ ላይ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ለእናንተ አይሆንም። ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል፣ ይጠቁራልም፤ ስለዚህ ማታ ብቻ፣ ያውም ልብስ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ይሁን።

ስትገዙ መለያው ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም መኖሩን እዩ፤ ለምሳሌ ደጋው ላይ የምናውቀው ነጭ ባሕር ዛፍ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ ነው። «ሽቶ» ወይም «የሽታ ዘይት» ብቻ የሚል ጽሑፍ በፋብሪካ የተቀመመ ሽታ ሊሆን ይችላል። ቤት ስትደርሱ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና እስከ ማግስቱ ተዉት። የባሕር ዛፍ ወይም የላቬንደር ዘይት ተንኖ ይጠፋል። ቅባት የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ከቀረ በምግብ ዘይት ተቀላቅሏል።

አሁን ወደ ጉንፋኑ። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉና ከእሳት አውጥታችሁ፣ በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ባለ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጡት። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ያም ሆኖ እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። ከዚያ 2 ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት ጨምሩ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ፎጣ ተከናነቡ፣ ፊታችሁን ከውሃው ስንዝር ተኩል አርቃችሁ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያው ደቂቃ ዓይን የሚያስለቅሰውና የሚያስለው ጠብታው ሲበዛ ነው፤ ከ3 ጠብታ በላይ ማድረግ ቶሎ አያድንም። ይህ የታፈነ አፍንጫን ያቀላል እንጂ በሽታውን አያጠፋም፤ ትንፋሽ ከከበደ ወይም ትኩሳቱ አልበርድ ካለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አስም ላለበት ሰው አይሆንም፤ ለልጅም አይደረግም፤ ሳህኑ ከተገለበጠበት ቃጠሎው ከጉንፋኑ እጅግ የከፋ ነው።

ዘይት ከሰል ላይ ማንጠብጠብም ይቅር። ዕጣን ሙጫ ስለሆነ ፍም ላይ ቀስ ብሎ ይጨሳል፤ የባሕር ዛፍና የሎሚ ዘይት ግን 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚያወጣው ትነት እሳት ይይዛል። ማጨሻው ላይ ሲንጠባጠብ ቦግ ይልና የዐይን ሽፋሽፍት ይለበልባል፤ እሳቱ ወደ ብልቃጡም ሊሄድ ይችላል። ክፍሉን ማሸተት ከፈለጋችሁ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ላይ 4 ጠብታ አድርጉ፤ መስኮት ገርበብ ይበል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንሡት። ድመት ያለበት ቤት ይህንንም አለማድረግ ይሻላል፤ የድመት ጉበት እነዚህን ዘይቶች በደንብ አያስወግድም።

የክረምት ሣጥን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ታጥፎ የከረመ ጋቢ ሲከፈት የሚሸተው ሻጋታ ነው፤ ሻጋታን ደግሞ ዘይት አያወጣውም። አስቀድሞ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ከዚያ የጥጥ እንክብል ላይ 3 ጠብታ የላቬንደር ወይም የጥድ ዘይት አድርጋችሁ ትንሽ ጣሳ ውስጥ አስገቡና ሣጥኑ ጥግ ላይ አቁሙት። ጥጡ ልብሱን እንዳይነካ። ነጠላ ላይ ያረፈ ጠብታ በዕለቱ አይታይም፤ ከወራት በኋላ ግን ጥበቡ አጠገብ ዳሩ ጠቆር፣ መሐሉ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ክብ ሆኖ ይወጣል፤ እጥበትም አይለቀውም። ብል የሚወደው ሱፍ ስለሆነ ባና ካላችሁ ጥጡን በየወሩ አድሱት። ሽታው ብሉን ያርቅ እንደሆነ እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ባናውን አራግፋችሁ ፀሐይ ማስመታቱ አይቅር።

ለወለል፦ 10 ጠብታ የባሕር ዛፍ ዘይት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና እሹና 5 ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል፤ ጀርም ይገድላል ብላችሁ ግን አትታመኑበት፣ ለሽንት ቤት በረኪና አለ። ሁለቱን አትቀላቅሉ። ያልቀጠነ ዘይት ፕላስቲክ ምንጣፍና ቫርኒሽ ያበላሻል።

ለጫማ፦ 3 ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከ5 ጠብታ ጋር አሽታችሁ፣ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ቋጥራችሁ ጫማው ውስጥ አሳድሩ።

ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ባቲ ላላችሁ፦ የጠጅ ሳር ዘይት ትንኝ ያርቃል፣ ግን ተንኖ ስለሚያልቅ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። የሚያሳድራችሁ አጎበር ነው፤ ዘይቱ ለማታ ጨዋታ፣ በረንዳ ላይ ለመቀመጥ ነው።

ለፀጉር ቅቤ የምትቀቡ፣ 100 ግራም ለጋ ቅቤ ሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን አቅልጡ። ጣት የሚያስገባ ያህል ሲበርድ፣ ሳይረጋ፣ 10 ጠብታ ላቬንደር ጨምራችሁ እስኪረጋ አማስሉ። ትኩስ ሳለ ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ከረጋ በኋላ ከገባ አንድ ቦታ ተከማችቶ የራስ ቆዳ ይለበልባል።

ከብልቃጥ ይልቅ ቅጠሉን ለምትመርጡ ደግሞ ለስለስ ያለ ዘይት ቤት ውስጥ ይዘጋጃል። ከደጋው የሚመጣውን ጦስኝ ጥላ ውስጥ አድርቁ። 50 ግራሙን በጠርሙስ 250 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ንከሩና ጠርሙሱን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁማችሁ በለዘብተኛ እሳት ሁለት ሰዓት አቆዩት፤ ውሃው አይፍላ። ሲበርድ በንጹሕ ሻሽ አጥልሉ። በእርጥብ ቅጠል ከተሠራ ውሃው ከሥር ይዘቅጥና በሳምንት ውስጥ ይኮመጥጣል። ይህ ሳይቀጠን ሊቀባ ይችላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ጨርሱት።

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ምንም ዓይነት መዓዛማ ዘይት አይቀባ፤ የባሕር ዛፍና የናና ዘይት ትንሽ ከፍ ባለ ልጅም ፊትና ደረት ላይ አይደረግ። ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ትጠይቅ። ልጅ የባሕር ዛፍ ዘይት ቢጠጣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሊያንቀጠቅጠው ይችላልና እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ አስቀድሞ በምግብ ዘይት ጠርጉት፣ ቀጥሎ በሳሙና።

ብልቃጡ ጠቆር ያለ ብርጭቆ ይሁን፤ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ተቆልፎ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። የሎሚ ዘይት በዓመት ውስጥ ያረጃል፤ አርጅቶ የኮመጠጠ ዘይት ቆዳ ስለሚያስቆጣ ለወለል ብቻ ነው የሚሆነው። ያለቀውን ብልቃጥ ደግሞ ተገልብጦ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቃችሁ፣ ክፍቱን ከጥጡ ጣሳ አጠገብ ሣጥኑ ውስጥ አቁሙት፤ ለብዙ ቀን ይሸታል።